ድሮዊንጉ አልከፈት አለኝ! ያለኝ አውቶካድ 2007 ነው፣ ነገ ጠዋት መግባት አለበት (ሀዋሳ)

አዲስ_ድራፍተር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20

ሰላም ቤተሰብ። ጭንቅ ውስጥ ነኝ።

ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ያለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ድራፍተር ነኝ። ገና ስምንት ወሬ ነው። የአንድ ጂ+2 መኖሪያ ቤት አርክቴክቸራሉን እዚሁ ሠራን። ስትራክቸራሉን (የምሰሶና የፌሮውን ድሮዊንግ) የሠራልን መሐንዲስ አዲስ አበባ ነው ያለው። ዛሬ ከምሳ በኋላ በቴሌግራም ላከልኝ። ልከፍተው ስል «ፋይሉ ትክክለኛ አይደለም» ይለኛል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ቢሮ ያለው የንድፍ መሳያ ፕሮግራም አውቶካድ 2007 ነው። ኮምፒውተሩም እኩያው ነው፤ ዊንዶውስ 7፣ 32 ቢት። ባለቤቱን አዲስ እንግዛ ስንለው «እየሠራ አይደል እንዴ፣ ምን ጎደለው?» ይላል።

ደግሜ አወረድኩት። ስሙን ቀየርኩት። ሪከቨር (ጠግን) አልኩት፣ እሱም እምቢ አለ። መሐንዲሱ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ሳይት ወጥቷል አሉኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ታትሞ ለግንባታ ፈቃድ መግባት አለበት። ደንበኛው ከአሁኑ ሁለቴ ደውሏል።

ፋይሉ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ?

ፌሮ_12 | 10፡26

ቨርዥን ነው። ላኪው ወደ 2007 ዝቅ አድርጎ ሴቭ ያድርግና ይላክልህ። አለቀ።

አዲስ_ድራፍተር | 10፡28

ስልኩ ዝግ ነው አልኩ እኮ ወንድሜ።

ኮለን_ሲ3 | 10፡35

ሳትፈርድበት በፊት ፋይሉን ራሱን ጠይቀው። ኮፒ አድርግና ኮፒውን በኖትፓድ ክፈተው። ቻይንኛ የመሰለ ዝባዝንኬ ይወርድብሃል፣ አትደንግጥ። መጀመሪያዋ ላይ ያሉትን ስድስት ምልክቶች ብቻ አንብብ። ኤ፣ ሲ፣ ከዚያ አራት ቁጥር። ምን ይላል? ሴቭ እንዳታደርገው ብቻ።

አዲስ_ድራፍተር | 10፡39

1032 ይላል። እንዴ! ይሄ ነገር እዚህ ውስጥ ተደብቆ ነበር?

ኮለን_ሲ3 | 10፡52

ጥሩ። ፋይልህ ጤነኛ ነው፣ አንተም ጤነኛ ነህ። 1032 ማለት የ2018 ፎርማት ነው። (የእኛን 2018 እንዳይመስልህ፤ የፈረንጁን ነው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አውቶካድ በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ለጥፎ ይወጣል። የፋይሉ አሠራር ግን በየዓመቱ አይቀየርም። ቁጥሮቹን ጻፋቸውና ግድግዳ ላይ ለጥፋቸው፦

1015 ከ2000 እስከ 2002
1018 ከ2004 እስከ 2006
1021 ከ2007 እስከ 2009
1024 ከ2010 እስከ 2012
1027 ከ2013 እስከ 2017
1032 ከ2018 ወዲህ

ስለዚህ የ2013ቱ ካድ በ2017 የተሠራን ፋይል ያለችግር ይከፍታል። በአራት ዓመት የሚበልጠውን! የ2017ቱ ግን በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጠውን የ2018ን አይከፍትም። «የአንድ ዓመት ልዩነት ነው፣ ይከፍታል» እያለ ሌሊቱን ሙሉ የሚታገል ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ያንተ ካድ የሚያነበው እስከ 1021 ነው። ፋይሉ ሦስት ወለል ከላይህ ነው፣ አሳንሰር የለህም። ሪከቨር የተሰበረ ፋይል ይጠግናል እንጂ አዲስን ወደ አሮጌ አያወርድም። ስሙን መቀየር ደግሞ የጃንጥላ ሽፋን እንደመቀየር ነው።

ሚጢጢ_ስኬል | 10፡58

ለማተም ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ ቢልክልህ ይበቃህ ነበር እኮ።

አዲስ_ድራፍተር | 11፡03

ለማተም ብቻ አይደለም። የኮለኖቹን አክሲስ (የቆሙበትን መስመር) ከእኛ ፕላን ጋር ማመሳከር አለብኝ። የቢሮውን ታይትል ብሎክም (የቤቱ ባለቤትና የሰፈሩ ስም የሚጻፍበትን ሳጥን) እኔው ነኝ የማስገባው።

ሰርቬየሯ | 11፡10

መፍትሔው ትሩቪው ነው። «ዲደብሊውጂ ትሩቪው» ይባላል፣ ራሱ አውቶዴስክ በነፃ የሚሰጠው። መሳል አይችልም፣ ያያል፣ ያትማል፣ ፎርማት ይቀይራል። «ዲደብሊውጂ ኮንቨርት» የሚለውን ተጫን፣ ፋይሉን ጨምር፣ ወደ 2007 በል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ዝርዝሩ ውስጥ «ኢን ፕሌስ» የሚል ምርጫ አለ። እሱ የመጀመሪያውን ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው። ኮፒ ሳትይዝ እንዳትነካው። ሁለተኛ፣ ማውረጃው ትልቅ ነው፣ በሞባይል ዳታ እንዳትጀምረው። አዲሶቹ ደግሞ 64 ቢት ካልሆነ አይጫኑም፣ ያንተ ላይ አይሆኑም። ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ፈልግ።

ኮለን_ሲ3 | 11፡17

ወይም የኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር። ኦፕን ዲዛይን አሊያንስ የሚባለው ማኅበር ነው የሚያወጣው፣ ነፃ ነው፣ ከትሩቪው በጣም ያንሳል። አንድ ፎልደር ሙሉ ፋይል ታሳየዋለህ፣ ወዴት እንደሚያስቀምጥ ሌላ ፎልደር ትሰጠዋለህ፣ በአንዴ ይለውጠዋል። ኦዲት የምትል ስህተት መፈተሻ ሳጥን አለች፣ እሷንም ምልክት አድርግባት። ዋናው ፋይል ስለማይነካ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ፈጣን_እጅ | 11፡20

ምን ያደክማችኋል። የአውቶካድ 2024 ክራኩ (ያለፈቃድ የተከፈተው) አለኝ። ና ፒያሳ፣ በፍላሽ እሰጥሃለሁ።

ኮለን_ሲ3 | 11፡22

32 ቢት ነው አለህ እኮ! ከ2020 ጀምሮ አውቶካድ በ32 ቢት አይወጣም። ክራክህ ሕግ ብቻ ሳይሆን ሒሳብም አይገባው።

ፕሎተር_ቤት | 11፡34

ፈጣን እጅ፣ ያንተን ፍላሽ ሱቄ ላይ እንዳላየው።

ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። አምና አንድ ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፎልደሩ ውስጥ ከድሮዊንጉ ጎን «አካድዶክ» የምትል ትንሽ የሊስፕ ፋይል ነበረች (ሊስፕ ማለት ለአውቶካድ የሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው)። ልብ አላልኩም። አውቶካድ አንድ ፋይል ሲከፍት እዚያው ፎልደር ውስጥ በዚያ ስም የተቀመጠ ሊስፕ ካገኘ አብሮ ይጭነዋል። ለሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ክፉዎቹ ግን ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ የከፈትኩት ፎልደር ሁሉ ውስጥ ያቺው ፋይል ትፈለፈላለች። የደንበኛ ፋይል በላኩ ቁጥር እኔው አሰራጫለሁ ማለት ነው! አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብዬ ሃርድ ዲስኩን እየፈተሽኩ ለቀምኳት።

ከ2014 ወዲህ ያሉት ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ሊስፕ ሲያገኙ ይጠይቁሃል። ያንተ 2007 ግን አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይጭናል። ስለዚህ ልጄ፣ የመጣልህ ፎልደር ውስጥ የማታውቀው ሊስፕ ካለ መጀመሪያ በኖትፓድ እየው፣ አለዚያ አጥፋው።

ሌላው፣ ትሩቪው እኔ ጋ አለ። ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነኝ። ለመቀየሩ አላስከፍልህም፣ የኤ1 ህትመቱን ግን እኔ ጋ ታትማለህ።

አዲስ_ድራፍተር | 11፡36

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ባጃጅ ይዤ መጣሁ።

ፕሎተር_ቤት | 11፡37

እናቴ? ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

አዲስ_ድራፍተር | 11፡38

ልጄ ሲሉኝ ነው እኮ። ይቅርታ እህቴ።

ጋሽ_ራፒዶ | 12፡05

ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። እናንተ ስትጨቃጨቁ እያነበብኩ ሳቄ መጣ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በራፒዶ የቀለም ብዕርና በትሬሲንግ (አሳላፊ) ወረቀት ነው። መስመር ስንሳሳት በምላጭ እንፍቅ ነበር፤ ቀስ ብለህ፣ ወረቀቱ እንዳይበሳ ትንፋሽህን ይዘህ። ከፋቅህ በኋላ በጥፍርህ ታለሰልሰዋለህ፣ አለበለዚያ ቀለሙ ይደማል። አንድ ነገር ግን ነበረው። ትሬሲንግ ወረቀት ቨርዥን የለውም።

ከዚያ አውቶካድ 14 መጣ። በፍሎፒ የያዝኳቸው ድሮዊንጎች አሁን ልጄ ኮምፒውተር ላይ ባለው አዲሱ ካድ ይከፈታሉ። ባለፈው ሞክሬ አየሁ። ኖትፓዱም 1014 አለኝ። አዲሱ አሮጌውን ያውቀዋል፣ አሮጌው ነው አዲሱን የማያውቀው።

ወጥመዱ ግን እዚህ ነው። ልጄ ያን የ14 ፋይል ከፍቶ አንድ በር አዛወረልኝና ሴቭ አለው። ቀላል ሴቭ፣ ምንም አልመረጠም። ቢሮ ወስጄ ልከፍተው ስል እምቢ። ለካ ወደ 2018 ፎርማት ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ አዲስ ካድ ያላችሁ ልጆች «ኦፕሽንስ» ግቡ፣ «ኦፕን ኤንድ ሴቭ» የሚለውን ክፈቱ፣ እዚያ የሚያስቀምጥበትን ፎርማት ቢሮው ውስጥ ባለው አሮጌ ካድ ልክ አድርጉት። አንዴ ካስተካከላችሁት ሁልጊዜ በዚያው ያስቀምጣል።

ሰርቬየሯ | 12፡19

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፎርማት ዝቅ ማድረግ ሁሌ ነፃ አይደለም። የኔ ሥራ ሲቪል 3ዲ ላይ ነው፣ የመሬትና የመንገድ ሥራ የሚሠራበት የአውቶካድ ዘመድ። ታቦር ተራራ ሥር ያለች አንዲት ተዳፋት ቦታ ለክቼ ለአንድ አርክቴክት ላክሁ። ወደ አሮጌ ፎርማት አውርጄ ነው የላክሁት፣ ጨዋ ሰው መስዬ። በነጋታው ደወለ፦ «እህቴ፣ ኮንቱሩ የታለ?» አለኝ፤ የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮች ማለቱ ነው። ተዳፋት ያለ ኮንቱር!

የሲቪል 3ዲ ሰርፌስ (የመሬቱ ገጽ ሞዴል) ተራ መስመር አይደለም። ሌላው ካድ ሲያገኘው «ፕሮክሲ» ይለዋል፣ ምን እንደሆነ አያውቀውም። ፎርማቱን ብታወርደውም ያው ፕሮክሲ ነው። መፍትሔው ሴቭ አዝ ሳይሆን «ኤክስፖርት ቱ አውቶካድ» ነው። እሱ ሰርፌሱን በትኖ ተራ መስመር ያደርገዋል። ግን ሲበተን ብልጠቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነጥብ ብትቀይር ኮንቱሩ አብሮ አይቀየርም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ለራሴ እይዛለሁ፣ የተበተነውን ለሌላው እልካለሁ። የላኩትን ደግሞ መልሼ ዋና አላደርገውም።

ሚጢጢ_ስኬል | 12፡24

ሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያውን) የምትጠቀሙ ደግሞ ከዚህም ባሰ። ሬቪት ራሱን ወደ ኋላ ሴቭ ማድረግ ጭራሽ አይችልም። ወደ ካድ ስትልኩ ኤክስፖርት ማድረጊያው ላይ ፎርማቱን መምረጥ ትችላላችሁ፣ እሱን አትርሱ።

አዲስ_ድራፍተር | ማታ 2፡50

ተከፈተ!! እህታችን በሁለት ደቂቃ ቀየረችው። ኖትፓዱ 1021 አለኝ። እሱን ሳነብ ደስታዬ ሌላ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ ስከፍተው ግን ሁለት አዲስ ችግር። አንደኛው፣ የፌሮው ጽሑፍ ላይ የዲያሜትር ምልክቷ ጠፍታለች። «ዲያሜትር 14» የነበረው «?14» ሆኗል። በሁሉም ቢሞች ላይ። ሁለተኛው፣ ታይትል ብሎኩ ላይ በአማርኛ የተጻፈው የቤቱ ባለቤትና የሰፈሩ ስም የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኗል። መብራትም አንዴ ሄዶ መጥቷል። አትሙት ልበል?

ኮለን_ሲ3 | 2፡54

ቆይ! ጥያቄ ምልክቷ ባለችበት እንዳታትም።

እኔ አንዴ አትሜ ሳይት ላክሁ። ፎርማኑ ደወለልኝ፦ «ኢንጂነር፣ ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ፌሮ?» አለኝ። እሱ ስለደወለ ተረፍኩ። የማይደውልም ፎርማን አለ።

ይሄ ቨርዥን አይደለም፣ ፎንት ነው። መሐንዲሱ የራሱ የሆነ ኤስኤችኤክስ (የአውቶካድ ዓይነት) ፎንት ተጠቅሟል። ድሮዊንግ ውስጥ የሚሄደው የፎንቱ ስም ብቻ ነው፣ ፎንቱ ራሱ አይሄድም። ያንተ ካድ ፎንቱን ሲያጣ በሌላ ይተካዋል። ተተኪው ያቺን ምልክት ካላወቃት ጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። «ስታይል» ብለህ ግባ፣ የትኛው ፎንት እንደጠፋ ስሙን ታየዋለህ። ያንን ፋይል አግኝተህ አውቶካዱ ያለበት ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለው ጋ ጣለውና ካዱን ዘግተህ ክፈት።

ፎንቱ ካልተገኘ ስታይሉን ወደ ሲምፕሌክስ ቀይረህ ምልክቷን ራስህ ትጽፋለህ፤ ሁለት የፐርሰንት ምልክት ከዚያ ሲ። ግን እያንዳንዷን ከፒዲኤፍ ጋር እያመሳከርክ። በግምት አይሆንም፣ ፌሮ ነው።

ሰርቬየሯ | 2፡58

አማርኛው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፣ ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉት። እነሱ ፊደሉን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ከሌለህ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቅ ይላል። ጥቂት መስመር ከሆነ ፎንት ፍለጋ አትሂድ። ኒያላን ምረጥና እንደገና ጻፈው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ ያንተ ዊንዶውስ 7 ላይ አለ።

ደግነቱ 2007 ላይ ነው ያለኸው። ድሮዊንግ ውስጥ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የተሰጠው ዓለም አቀፍ ኮድ) በቀጥታ መቀመጥ የጀመረው ከዚያ ፎርማት ነው። ወደ 2004 ብታወርደው ኖሮ «ሀ» የሚለው ፊደል በኮዱ ነበር የሚቀመጠው፣ 1200 ተብሎ። አንዱ ፕሮግራም መልሶ ሀ ያደርገዋል፣ ሌላው ኮዱን እንዳለ ያትመዋል። የደንበኛ ስም በቁጥር ታትሞ አይቻለሁ፣ ሰውዬው ምን ቢሰማው ጥሩ ነው?

አዲስ_ድራፍተር | 3፡31

መሐንዲሱ ስልኩን ከፈተ! አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሞከርበት እንደነበር ሲያይ ራሱ ደወለ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ኔትወርክ የሌለበት ነበርኩ» አለኝ። ምን ልላክልህ ሲለኝ ምን ልበለው?

ኮለን_ሲ3 | 3፡33

«ኢትራንስሚት አድርግልኝ» በለው። ፎንቱንም፣ ኤክስሬፉንም (የተያያዙትን ሌሎች ድሮዊንጎች)፣ የፕሎት ስታይሉንም (የህትመት ማስተካከያውን) ሰብስቦ አንድ ዚፕ ያደርጋል። ማስተካከያው ውስጥ ፎርማቱን 2007 ማድረግ ይችላል፣ «ኢንክሉድ ፎንትስ» የሚለውንም ይጫነው። ፒዲኤፍም ይጨምርበት። በፒዲኤፉ ነው የምታመሳክረው።

ፌሮ_12 | 3፡34

እኔም መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ላኪው ይላክልህ።

ፕሎተር_ቤት | 3፡36

ፌሮ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር።

አዲስ_ድራፍተር | ከሌሊቱ 6፡15

ዚፑ መጣ። ፎንቷን ጣልኩ፣ ካዱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ጥያቄ ምልክቶቹ በሙሉ ጠፉ። ቢሞቹን አንድ በአንድ ከፒዲኤፉ ጋር አየኋቸው። አማርኛውን በኒያላ ጻፍኩት፣ ስድስት መስመር ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የእሱን ወደ እኛ ፕላን ሳስገባው ቤቱ የሀዋሳ ሐይቅን ያህል ሰፋ። ይሄም ቨርዥን ነው?

ጋሽ_ራፒዶ | 6፡21

ይሄ እንኳ ቨርዥን አይደለም ልጄ። እሱ በሚሊሜትር ይሠራል፣ እናንተ በሜትር። በ0.001 አሳንሰው። አሁን ተኛ።

አዲስ_ድራፍተር | 6፡22

እርስዎስ ለምን አልተኙም ጋሼ?

ጋሽ_ራፒዶ | 6፡24

አንተን ስጠብቅ።

አዲስ_ድራፍተር | ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡40

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ታተመ፣ 3 ሰዓት ላይ ገባ። የተቀበለችው ባለሙያ አገላበጠችውና አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ሳይት ፕላኑ ላይ የሰሜን ምልክት የለም።» እሱ የእኔው ጥፋት ነው። ማንም አላበላሸብኝም። እዚያው በእስክሪብቶ ጨምሬ ልፈርም ስል በህትመት ነው የምንቀበለው አለችኝ። ሮጬ አሳትሜ ተመለስኩ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስቱን ቁጥሮች ጽፌ ሞኒተሩ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ባለቤቱ አይቶ «የሎተሪ ቁጥር ነው?» አለኝ። አስረዳሁት። «ታዲያ ኖትፓድ በነፃ ከነገረህ አዲስ ካድ ለምን ያስፈልገናል?» አለ።

ሚጢጢ_ስኬል | 5፡52

ሰውዬው ተሸንፎም አይሸነፍም።

አዲስ_ድራፍተር | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

መሐንዲሱ አሁን ክለሳ ላከልኝ። የመሠረቱን ዝርዝር አስተካክሏል። «ይሄ የመጨረሻው ነው» ይላል። ኮፒ አደረግኩ፣ በኖትፓድ ከፈትኩት።

1032።

ፕሎተር_ቤት | 9፡07

እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነኝ።